የሦስት ወረቀት በር

ኤልፍነሽ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ትኖራለች። የቤቷ መታጠቢያ ቤት በር የለውም። የሕንፃው ጠጋኝ በመፍቻ ፈትቶ ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል። በምትኩ ልጇ ሩሀማ የመረጠችው የዓሣ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም፤ ስለዚህ እንግዳ መጥቶ ከመካከላቸው አንዱ ወደዚያ ብድግ ሲል የተቀሩት ድንገት ወሬ ይደምቅላቸዋል፣ የቴሌቪዥኑም ድምፅ ከፍ ይላል። ኤልፍነሽ በዚህ ትስቃለች። ሁልጊዜ ግን ወዳ አይደለም የምትስቀው።

በሩ የተነሳው ተሽከርካሪ ወንበሯን አላሳልፍ ስላለ ነው። ልምሻ የያዛት ደሴ ላይ፣ ገና ዳዴ ስትል ነበር። በክራንች አደገች፣ በክራንች ተማረች፣ በክራንች ሱዳን ገባች፣ ከዚያም በክራንች ቶሮንቶ ወረደች፤ ያ ክራንች ፓስፖርት ቢኖረው ኖሮ ከብዙ ዲፕሎማት በላይ ማኅተም ይመታበት ነበር። ሠላሳዎቹን ስታጋምስ ግን ደህና የነበረው እግሯ ከዳት፣ ክንዶቿም ዛሉ። ሐኪሙ፣ የልጅነት ልምሻ እንዲህ ዘመን ቆጥሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ከእንግዲህ ሰውነትሽን አታስገድጂው፣ ሲደክምሽ ጋደም በይ አላት። ወንበሩ ቤት ሲገባ የሩሀማ አባት ወጣ። ሥራ ፍለጋ ወደ አልበርታ እንደሄደ ነው፤ ሥራው በጣም ሩቅ ሳይሆን አይቀርም።

እሷ ግን ሥራዋን አልተወችም። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የታክሲ ድርጅት ቢሮ ስልክ እያነሳች መኪና ትልካለች። ድምፅ ሰምታ ሰው ማወቅ ትችላለች፤ የቸኮለውን፣ የሰከረውን፣ የሚዋሸውን ትለያለች። ስልክ ለእሷ እግር ማለት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአምናው ጉዞ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1995። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በተከራየ አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰበው ማኅበራቸው፣ ልጆቹን ለማስደሰት ድንበር ማዶ ኦሃዮ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ለመሄድ ወሰነ። ጉዞው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ትምህርት ሳይከፈት መሆን ነበረበት፤ በጾም መንገድ ላይ ምን ይበላል? ማደሪያውን የመረጡት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥጋቡ ናቸው። በሥራቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ልጅ ቆጥረው የሚያስገቡ፣ ቆጥረው የሚያወርዱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ስለ ኤልፍነሽም ያልጠየቁት ነገር የለም። ደረጃ አለው ወይ? ክፍሉ ምድር ላይ ነው ወይ? መኪና ደጁ ድረስ ይደርሳል ወይ? አንድ ነገር ብቻ ዘለሉ፤ የሽንት ቤቱን። በሥርዓት ያደጉ ሰው፣ ስለ አንዲት ወይዘሮ ሽንት ቤት ምን ቆርጧቸው ለማያውቁት ፈረንጅ በስልክ ይናገራሉ?

ሞቴሉ ላዩን ሲያዩት ግሩም ነበር። ለስላሳ መወጣጫ፣ ሰፊ መግቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል። ውስጡን ለቄስ! የሽንት ቤቱ በር ወንበር ቀርቶ፣ ወፈር ያለ ሰው ጎኑን ካላዞረ አያስገባም። ጎረቤቷና ጓደኛዋ ያለምወርቅ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ የምትውል ባለ ጠንካራ ክንድ ሴት፣ "እኔ እያለሁልሽ!" አለችና ተሸክማ አስገባቻት። የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ኤልፍነሽ ስትጠራት ያለምወርቅ የሦስት ልጆቿን ሳንድዊች እያዘጋጀች ነበር፤ እጇን ጠርጋ መጣች። ለሦስተኛ ጊዜ መጥራት አቃታት። የፓርኩ ሽንት ቤት ደግሞ ሰልፉ አያልቅም፤ ይሉኝታ ያዛትና ውሃ መጠጣት አቆመች።

በነሐሴ ሐሩር ሁለት ቀን ከንፈሯን ብቻ እያራሰች ዋለች። ፎቶ ሲነሳ ትስቃለች፤ ሲመለሱም ጋሽ ጥጋቡን እንዲህ ያለ ማደሪያ አይቼ አላውቅም ብላ አፏን ሞልታ አመሰገነች። ቤቷ በገባች ማግስት ትኩሳት ጣላት። ኩላሊቷ ታሞ ሆስፒታል ተኛች። ሊጠይቋት የመጡት ሁሉ ብርድ ነው፣ ዓይን ነው፣ የመንገድ ድካም ነው ተባባሉ። እሷም አዎ አለች።

ያወቀችው ሩሀማ ብቻ ነበረች። ልጅቱ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ፓርኩ ውስጥ አንድም መጫወቻ ላይ አልወጣችም። ሆዴን አሞኛል ብላ ሁለቱንም ቀን ከእናቷ ወንበር አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ በእጇ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች፣ በየመሃሉ ትዘረጋላታለች፣ ኤልፍነሽም በኋላ ትላታለች። የያለምወርቅ ልጆች መጥተው ሲጎትቷት ሩሀማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመለሰችው መልስ ግን ከኤልፍነሽ ጆሮ አላመለጠም።

"እኔ ከሄድኩ ማሚን ማን ያያታል?"

ዓመት ዞሮ ማኅበሩ ዘንድሮም እንሂድ አለ። ኤልፍነሽ ዜናውን ለልጇ በደስታ ነገረቻት። ሩሀማ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ቤት ብንቀር ይሻላል አለች። እንግዲያው አንቺ ከነያለምወርቅ ጋር ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ ብትላት፣ ልጅቱ ዞር ብላ አየቻትና አንቺን ብቻሽን ትቼ እንዴት ይሆናል፣ እዚያ ሆኜም ሳስብ ነው የምውለው ብላ መለሰች። አነጋገሯ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አልነበረም፤ የቤት ኃላፊነት ያጎበጣት የአንዲት አሮጊት አነጋገር ነበር። ኤልፍነሽ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ግን ቆርጣ ተነሳች። ልጅዋን ልጅ የሚያደርጋት አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ገብቷታል። ኤልፍነሽ መሄድ አለባት፤ ሄዳም የማንንም እጅ ሳትጠብቅ መዋልና ማደር አለባት። ሩሀማም ይህንን በዓይኗ ማየት አለባት።

ከአምናው ጉዞ የተረፈ የቱሪስት መጽሔት አወጣችና ሞቴሎቹን አንድ በአንድ ኮል ማድረግ ጀመረች። ወንበር የሚያስገባ ክፍል አላችሁ ስትል ሁሉም አለን ይላል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ስፋቱ ስንት ነው ስትል ደግሞ ሁሉም ይሆናል፣ አያሳስብሽ ይላል። ኤልፍነሽ "ይሆናል" የሚል ድምፅ ታውቃለች፤ ራሷም ታክሲው ርቆ ሳለ ደንበኛ ሲጨቀጭቃት የምትለው ነው። እስቲ ለካልኝ ስትል ሜትር የለንም ይሏታል።

መላው የመጣው ሥራ ቦታ ነው። አንድ ቀን ፋክስ ማሽኑ የተፋው ወረቀት መሬት ላይ ተበትኖ፣ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየው አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አስተካክላ አነጠፈችና በላያቸው አለፈች። የወንበሯ ስፋት ከሦስቱ ወረቀት በትንሹ ያንሳል። በዓለም ላይ ሜትር የሌለው ሞቴል ሞልቷል፤ ወረቀት የሌለው የእንግዳ መቀበያ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ የሚያነሳላትን ሁሉ፣ እባክህ ሦስት ወረቀት በፕላስተር ጎን ለጎን አያይዝና በሩ ላይ ሞክርልኝ ማለት ጀመረች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ስልኩን ዘጋ። አንደኛው ከካናዳ ደውላችሁ ታሾፉብኛላችሁ ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ ድምፅ ሄዶ ሞክሮ ተመለሰና አለፈ አላት። ኤልፍነሽ እዚያው ቡክ አደረገች፣ ለያለምወርቅ ነገረች፣ ለሩሀማም ነገረች። ሩሀማ ትከሻዋን ነቀነቀች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትገባ መጋረጃውን ገለጥ እንዳደረገች እጇ እዚያው ቀረ። ቋሚው ላይ የድሮው በር ማጠፊያ የተነቀለበት ቀዳዳ አለ። የእሷም ቤት ቢሆን ከቋሚ እስከ ቋሚ ወንበሯን ያሳልፋል። እንቢ ያለው በሩ ራሱ ነበር፤ ወለል ብሎ ተከፍቶም ውፍረቱ መንገዱን ይሻማል፣ ለዚህም ነው ያስነቀለችው። ጎረምሳው የለካው የትኛውን ነው? ደወለች። ከቋሚ እስከ ቋሚ ነበር። በሩ ባለበት ሞክር ስትለው ሄዶ ተመለሰና ወረቀቱ ታጠፈ አላት። ሰረዘችው። ያን ቀን በገዛ ራሷ ተናደደች፤ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ፊቷ ላይ የተገተረውን ነገር እንዴት ትረሳለች?

ቀኑ እየሄደ ነው። ከፍልሰታ በኋላ ያለው ሳምንት አሜሪካኖቹም ትምህርት ሳይከፈት ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡበት ስለሆነ፣ ክፍሎቹ ከእጅ እየወጡ ነበር። ይባስ ብሎ በእሑዱ ስብሰባ ጋሽ ጥጋቡ ደስ ብሏቸው ተነሱና ዘንድሮ ማንም እንዳይጨነቅ፣ ኤልፍነሽ እጅግ የወደደችውን የአምናውን ሞቴል ቡክ አድርጌያለሁ ብለው አበሰሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምስጋናዋ ራሷን መልሶ ያዛት።

ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። ቄስ ተክለ ማርያም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ሩሀማም ኋላ ከልጆቹ ጋር ናት። ኤልፍነሽ ወንበሯን ወደ መሃል ገፋች።

"ጋሽ ጥጋቡ፣ እርስዎ ያላሰቡልኝ ነገር የለም፤ እግዜር ያክብርልኝ" አለች። "አምና ግን ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አልጠጣሁም። የሽንት ቤቱ በር አያስገባኝም ነበር። ሆስፒታል የተኛሁት በዚያ ነው።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። ጋሽ ጥጋቡ እንደቆሙ ቀሩ።

"ምነው ልጄ፣ ያኔ ምነው ብትነግሪኝ?"

"አፍሬ ነው።"

እሳቸውም ቀስ ብለው ተቀመጡና እኔም ለመጠየቅ አፍሬ ነው አሉ። ያለምወርቅ ግን ከፋት። እኔ አንስቼ አስገባት አልነበረም እንዴ፣ ምን አጎደልኩባት ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኤልፍነሽ ወደ እሷ ዞረች።

"ላንቺስ አልከብድሽም፣ አውቃለሁ። ለልጄ ግን ከብጃለሁ።"

ያለምወርቅ ወደ ኋላ፣ ሩሀማ ወደተቀመጠችበት አየችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ኤልፍነሽም የመጣችበትን ጉዳይ ጨረሰች፦ ማደሪያውን ዘንድሮ እኔ ልምረጥ፣ ከፓርኩ በር አጠገብ ይሁን፣ ሲደክመኝ በራሴ ወንበር ሄጄ የምጋደምበት። አንድ ሰው ቅርቡ ውድ ነው፣ ራቅ ያለውን ይዘን ሲደክምሽ በመኪና እናመላልስሻለን ብሎ በቅን ልቡ ሐሳብ አቀረበ። መኪና ስጠብቅ አብሮኝ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ አውቀዋለሁ አለችው። ከዚህ በኋላ ቢሏት ቢሏት ወይ ፍንክች። ጋሽ ጥጋቡ በመጨረሻ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን፣ የሚችል ካንቺ ጋር ያርፋል፣ የተቀረው ሌላ ቦታ ያድራል ብለው ዘጉት።

ያልጠበቀችው ነገር የመጣው ከስብሰባው በኋላ ነው። የኛ ሰው በሽታውን እንደ ወርቁ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሌላውን ይመክራል፤ የራሱን ግን ከትራስ ሥር አያወጣም። ኤልፍነሽ ነጠላዋን ስታጣጥፍ አቶ አምሃ፣ ድምፃቸው በአዳራሹ ሁሉ የሚሰማ ሰው፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ስኳር እንዳለባቸው ነገሯት። አምና ኢንሱሊናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከልጆቹ ለስላሳ ጋር በረዶ ውስጥ ደብቀውት ነበር፤ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ቢኖረው ደስ ይላቸዋል። እሳቸው ዞር ሲሉ ልቧን የሚያማት አንዲት ሴት መጥታ ደረጃ እንደማትችል አንሾካሾከች። መጨረሻ ላይ ቄስ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ሊያሳልሟት መጡና አሳልመው ቆም አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው፣ እሳቸውም ሌሊት ቶሎ ቶሎ እንደሚነሱ፣ ሽንት ቤቱ ከሌላ ሰው ክፍል ጋር የጋራ ባይሆን ደግ መሆኑን ነገሯት። ውስጡን ለቄስ ይባላል፤ ቄሱ የራሳቸውን ውስጥ ለማን እንደሚናገሩ ኤልፍነሽ እስከዚያች ቀን አስባው አታውቅም ነበር።

አሁን የምትደውለው ለብዙ ሰው ሆነ። ማቀዝቀዣ፣ ደረጃ የሌለው፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው፣ በዚያ ላይ የሦስት ወረቀት በር። ሞልቷል አሏት፣ ሞልቷል አሏት፣ አሁንም ሞልቷል አሏት። መጽሔቱ ላይ ማስታወቂያ ያወጡት ሁሉ ሲያልቁባት ለፓርኩ ራሱ ደወለችና በራችሁ ላይ ቆሜ ብመለከት የሚታየኝ ሞቴል የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። መንገዱን ስትሻገሪ አንዲት አሮጌ ሞቴል አለች አሏት።

ስትደውል ስልኩን ያነሱት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ድምፃቸው ያልቸኮለ፣ የማይዋሽ ሰው ድምፅ ነው። ስለ ወረቀቱ ስትነግራቸው ምንም አልሳቁም፤ በሩ ባለበት፣ ወለል አድርገው ከፍተው ስትላቸውም እሺ አሉ። ስልኩ ውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሲርቅ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም ሲመለስ ሰማች። ሦስቱም አለፉ፣ የመዳፌ ስፋትም ተረፈ፤ ደረጃ የሌለው፣ ማቀዝቀዣና የራሱ ሽንት ቤት ያለው ክፍልም ለሌሎቹ አለን አሏት።

ኤልፍነሽ አመስግና ልትዘጋ ስትል ከአፏ ሌላ ጥያቄ ወጣ። እኔ ከነወንበሬ ከገባሁ በኋላ በሩ ይዘጋል? ጠይቃ ራሷ ደነገጠች። ለካ አራት ዓመት ሙሉ መግባትን እንጂ መዝጋትን አስባ አታውቅም። አሮጊቷ እስቲ አሉና እንደገና ሄዱ። በዚህ ጊዜ ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማት፣ ቀጥሎም በር ሲዘጋ። ሲመለሱ ቁና ቁና እየተነፈሱ ይስቃሉ። ወንበሬን ይዤ ገባሁ፣ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ከውስጥ ስቤ ቆለፍኩት፣ አንቺም ትችያለሽ አሏት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኦሃዮ ወረዱ። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፓርኩ ውስጥ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ገፍቶ ሳለ፣ ኤልፍነሽ ክንዶቿ ሲዝሉ ተሰማት። ልተኛ ነው አለች። ሩሀማ ወዲያው የወንበሩን እጀታ ያዘች። የያለምወርቅ ልጆች ለትልቁ ሮለር ኮስተር ተሰልፈው ከሩቅ እየጠሯት ነበር።

"እጅሽን አንሺ" አለቻት ኤልፍነሽ። "መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ሩሀማ እጇን አነሳች እንጂ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እናቷ ወንበሯን እየገፋች በሰው መሃል ስትሄድ፣ ከፓርኩ በር ስትወጣ፣ መንገዱን ስትሻገር ቆማ አየቻት። ኤልፍነሽም ጀርባዋ ላይ ያ ዓይን እንዳለ ታውቃለች፤ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ አንዴም አልቆመችም። ሞቴሉ ደጅ ደርሳ ዞር ስትል ግን ልጅቱ በቦታዋ አልነበረችም። ኤልፍነሽ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ ውሃ አወጣች፤ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው ጨልጣ ጠጣችው።

ተጋድማ ዐረፈች። ስትነሳ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች፣ በሩን ሳበችና ቆለፈችው። ውስጡ እንዴት ዝም ያለ ነው! ወሬ የሚያደምቅላት የለም፣ ቴሌቪዥን የሚያስጮህላት የለም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ከሚያስፈልጋት በላይ ቆየች።

የሩጫ ኮቴ መጣ። ለልጇ የሰጠቻት ቁልፍ የክፍሉን በር ሲከፍት ተሰማ፣ ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ ተንቋቋ። ሩሀማ ነበረች፤ እያለከለከች ሦስት ጊዜ ሮለር ኮስተር ላይ ወጥቻለሁ፣ የፓርኩ ሽንት ቤት ሰልፍ አያልቅም፣ አራተኛው ሳያመልጠኝ ቶሎ ልመለስ ብላ በአንድ ትንፋሽ አወራችው። ደህና ነሽ ወይ ብላ አልጠየቀችም። በሩን በመዳፏ መደብደብ ጀመረች።

"ማሚ፣ በናትሽ ቶሎ በይ!"

ኤልፍነሽ እጇን በሳሙና ታጠበች። መስተዋቱ ውስጥ ፊቷን አየች፣ ፀጉሯንም አስተካከለች።

"ሰው አለ" አለች። "ተራሽን ጠብቂ።"